ደምህን ይፈልጋሉ

እናቴ ወለተ ማርያም አንድ ቃል ከአፏ ካወጣች መልሳ አትወስድም። የወንድሜን የደመቀን ሚስት «ይህቺ ልጅ ሾተላይ አለባት» ያለች ዕለት ነገሩ አለቀ። ከሳጉሬ ገበያ እስከ አሰላ ድረስ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

የውብዳር መጀመሪያ ፋናዬን ወለደች። ፋናዬ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ እንደ ፌንጣ የምትዘል ጤነኛ ልጅ። ከእሷ በኋላ ሁለት ወንዶች መጡ። ሁለቱም ሲወለዱ አለቀሱ፣ ጡት ያዙ፣ ከዚያ ዓይናቸው ሳይቀር እንደ እርድ ቢጫ ሆኑና ሳምንት ሳይሞላቸው ሄዱ። አዋላጇም ደብተራውም ጎረቤቱም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ሾተላይ። ልጅ የሚበላ መንፈስ። ያለባት ሴት ደግሞ የሌላ ሰው አራስ ልጅ ካየች ይተላለፍበታል ይባላል። እርጉዞች የውብዳርን መንገድ ላይ ሲያዩ ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ሰብስበው ወደ ማዶ ይሻገሩ ጀመር።

እኔ አሰላ የመጨረሻ ልጄን የወለድኩ ጊዜ የውብዳር ከሳጉሬ ቅቤ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። እናቴ በር ላይ አቆመቻት።

«እዚያው ሁኚ። ልጁን እንዳታዪው።»

የውብዳር ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረችና ቅቤውን በጀርባዋ በኩል ዘርግታ ሰጠች። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ «እማዬ፣ ሰው አይደለችም እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ። እናቴ ሰምታኛለች፤ ግን ልጄን በጋቢዋ ሸፈነችው። ያቺ ወደ ኋላ የተዘረጋች እጅ እስከ ዛሬ ታናድደኛለች።

እናቴም ብትሆን ሐዘን የማታውቅ ሴት አልነበረችም። ከእኔና ከደመቀ በኋላ የወለደቻቸውን አምስቱንም ቀብራለች። «እነሱን ጣሊያን በላቸው» ትላለች። ከአምስቱ ሁለቱ የሞቱት ጣሊያን አገራችንን ሳይረግጥ መሆኑን ማንም ደፍሮ አላነሳባትም።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት የውብዳር እንደገና አረገዘች። እናቴ ደመቀን ጠርታ በእኔ ፊት ነገረችው።

«ይህም ልጅ ከሄደ ትፈታታለህ። ዘርህ በአንተ ላይ ሊቋረጥ አይገባም።»

ደመቀ እህል ነጋዴ ነው። በአንድ ቁና ገብስ ከገበያው ሁሉ ጋር ሲከራከር ይውላል፤ ከእናቱ ጋር ግን አቅም የለውም። የውብዳር ጓዳ ሆና እናቴ ያለችውን ሁሉ ሰማች። እኔ ደሜ ፈላና «ዕቃሽን ያዢ፣ ከእኔ ጋር አሰላ ትሄጃለሽ» አልኳት። ባሌ ገብረ መድህን የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ቤታችን ጠባብ ቢሆንም ለአንዲት እርጉዝና ለልጇ አያንስም ነበር።

አሰላ የወሰድኳት በሲስተር አሰፋች ምክንያት ነው። ሲስተር አሰፋች ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቅ የማታበዛ ነርስ ናት። ዳገቱ ላይ ባለው ክሊኒክ ከአንድ ፈረንጅ ሐኪም ጋር ትሠራለች። በዚያ ዓመት አዲስ ነገር ጀመረች፤ እርጉዝ ሴት በመጣች ቁጥር ጣቷን እየወጋች ደም መውሰድ። ሴቶቹ አጉረመረሙ። አንዳንዷ «ደማችንን ለፈረንጁ ትሸጠዋለች» አለች። እኔ ግን ሁለት ሕፃናት ከቀበረች ሴት ጣት ላይ አንዲት ጠብታ ደም ብትሄድ ምን ይጎድልባታል ብዬ የውብዳርን ከፊት አስቀድሜ ገባሁ።

ሲስተር ደሙን ነጭ መስታወት ላይ አደረገች። በላምባ ከሚሠራው ፍሪጅ ትንሽ ጠርሙስ አወጣችና ከውስጡ አንድ ጠብታ ጨመረችበት፤ መስታወቱን በእጇ እያዘነበለች አየችው። ከጎኑ የእኔን ደም አደረገች። የእኔው ትንሽ ቆይቶ አሸዋ አሸዋ አለ። የየውብዳር ግን እንደ ለሰለሰ ቀረ።

ሲስተር ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ተቀምጣ አስረዳችን። አብዛኛው ሰው በደሙ ውስጥ ያለው አንድ ነገር በየውብዳር ደም ውስጥ የለም። ባሏ ካለው ልጁ ከአባቱ ይወርሰዋል። የእናቲቱ ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፣ የሚከተሉት ይጠቃሉ።

«ሾተላይ የምትሉት ይኸው ነው» አለች። «መንፈስ አይደለም። ሰው የዓይኑን ቅርጽ እንደሚወርስ የሚወረስ ነው። በማየት አይተላለፍም።»

የውብዳር አቀርቅራ ሰማች። «በማየት አይተላለፍም?» ብላ ያን ብቻ ደግማ ጠየቀች። ሲስተር «አይተላለፍም» አለቻት። የውብዳር አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ደመቀ መጥቶ ተመረመረ። የሱም ደም አሸዋ አሸዋ አለ። ሲስተር ሁሉንም እንደ ገና አስረዳችው። ልጁ ቢጫ እየሆነ ከተወለደ ደሙ በጥቂት በጥቂቱ ወጥቶ በሌላ ሰው ደም ይተካል፤ ያ ሰው ደሙ እንደ የውብዳር መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ስለሆነ መጀመሪያ የእናቷና የአባቷ ልጅ ይፈለግ፤ ከመውለጃዋ ቀን በፊት ይምጣ። የውብዳር ደግሞ ያላት አንድ ወንድም ነው፤ ጢቾ የሚኖረው ግዛቸው። ሲስተር ንግግሯን ስትጨርስ ነገሩን ለማሳጠር ብላ «ባጭሩ የእርስዎና የባለቤትዎ ደም አይስማማም» አለችው።

ደመቀ ከዚያ ሁሉ ትምህርት ይህችን የመጨረሻዋን ይዞ ሳጉሬ ገባ።

እናቴ ፊት ቆሞ «ደማችን አይስማማም አሉ» ሲላት እናቴ የያዘችው እንዝርት ከእጇ ወደቀ ይላል ደመቀ። ለካ እሷ ስትፈልገው የኖረችውን ቃል ነው ያመጣላት። በጣሊያን ጊዜ የአባቴ ታናሽ ወንድም በዛብህ በጢቾ መንገድ ተገድሎ ተገኝቷል። ገዳዩ አልታወቀም። የየውብዳር አባት ደግሞ በዚያ ዘመን በዚያው አካባቢ ጠመንጃ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር።

«ደም አለ!» አለች እናቴ። «በሁለታችን ቤት መካከል ደም አለ። ልጆቹን የሚበላቸው የበዛብህ ደም ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ደመቀ «እማዬ፣ ነርሷ ያለችው እንዲህ አይደለም» ለማለት ሞክሮ ነበር። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አጎታችን ወልደ ሚካኤል በዚያው ሳምንት ወደ ጢቾ ሽማግሌ ላከ፤ የበዛብህን ደም ጉዳይ አጣሩልን ብሎ። የየውብዳር አባት ሞቷል። አባት ከሞተ ደሙ የሚጠየቀው ከልጁ ነው። ልጁ ግዛቸው ነው።

ይህን ሁሉ እኔ አሰላ ተቀምጬ አላወቅሁም። ደመቀም የአጎታችንን መልእክት እያወቀ፣ ሁለቱ ነገሮች ጢቾ ላይ እንደሚገናኙ ሳያስብ የራሱን መልእክት ላከ። የላከው የእህል ጭነቱን በፈረሶቹ የሚያመላልስለትን ከዲሮን ነው። ከዲሮ የሳጉሬ ሰው ነው፤ አንድ ቃል የማይጨምር፣ አንድ ቃል የማይቀንስ ታማኝ ሰው። ደመቀ «ግዛቸውን የአንተ ደም ይፈለጋል፣ ቶሎ ና ብለህ ንገረው» አለው። ከዲሮም ሄዶ እንደተባለው ነገረው።

ከዲሮ ከጢቾ ተመልሶ ደመቀን ሳጉሬ ቢያጣው እኔን ፍለጋ አሰላ ድረስ መጣ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ካቦርቱን አልፎ አርሶታል። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«አዴ አበራሽ፣ ሰውዬው አይመጣም።»

«ምነው? እህቱ አይደለችም?»

«ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደ። ‹ደሜን የሚፈልግ መጥቶ ይውሰድ› በላቸው አለኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዲሮ ግን መንገድ ሙሉ ሲብሰለሰልበት የመጣ ነገር ነበረው።

«እኔ ያላችሁኝን ነው ያልኩት፤ ምን ጨመርኩ? ግን ገርሞኛል። በእኛ ዘንድ ጉማ ሲኖር፣ የሰው ደም ሲጠየቅ፣ ሽማግሌ ነው የሚላከው። እንዲህ ያለ ቃል በአንድ ፈረሰኛ ለአማች ይላካል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ደምህ ይፈለጋል። የአማቹ ፈረሰኛ ደጁ ደርሶ ደምህ ይፈለጋል ሲለው ሰውዬው ምን ይበል? እኔ ብሆን ጠመንጃ ማውረድ ብቻ ሳይሆን እተኩስ ነበር። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ከዚያ ከጓዳ የየውብዳር ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ፣ ወገቤን ያመኛል። ልጁ የሚጠብቅ አይመስለኝም።»

ክሊኒክ ወሰድናት። ሲስተር አሰፋች መርምራት ወጣችና ወደ ጎን ሳበችኝ። «ገና ጊዜው አልደረሰም፤ ግን ይመጣል። ዛሬ ወይም ነገ። ወንድሟስ?» አለችኝ። «አመጣዋለሁ» አልኳት። ከየት እንደማመጣው ግን አንድዬ ያውቃል።

ባሌን አላስፈቀድኩም። ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቼ ከከዲሮ ጋር ወጣሁ። እስከ ሳጉሬ በጭነት መኪና ሄድን። ከዚያ ወዲያ ክረምት ላይ መኪና አይሞክረውም፤ ፈረስ ነው። የገብሱ ማሳ በጉም ተሸፍኖ ከፈረሱ ጆሮ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ ፈረሶቹ እስከ ሆዳቸው ገቡ። ከዲሮ ልጓሜን ይዞ «ረቢ ያውቃል፣ አትፍሪ» ይለኛል። እኔ ወንዙን አልፈራሁም። የፈራሁት ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ነው። የገዛ ቤተሰቤ ያሰጠኝን የደም ፈላጊ ስም ይዤ ደጁ ልቆም ነው።

ጢቾ ስንደርስ የግዛቸው ግቢ ተዘግቷል። ውሻው ጮኸ። ከዲሮ ፈረሱን ወደ ኋላ ያዘ። እኔ ወርጄ ብቻዬን ወደ አጥሩ ሄድኩ።

«ማን ነው?» አለ ከውስጥ።

«አበራሽ ነኝ። የደመቀ እህት።»

በሩ ትንሽ ተከፈተና መጀመሪያ የታየኝ የጠመንጃ አፈ ሙዝ ነው።

«እንግዲህ ሴት ላኩ?» አለ ግዛቸው። «ሴት አይነካም ብለው ነው?»

«ማንም አልላከኝም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«ደሜን ትፈልጋላችሁ አሉ።»

መዋሸት ይቻል ነበር። ‹ኧረ አይደለም፣ ተሳስተው ነው› ማለት ይቻል ነበር። ግን እዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ረጥቦ፣ ንዴቴ ፍርሃቴን ቀደመው።

«አዎ እንፈልጋለን» አልኩት። «በጥይት ግን አይደለም፤ በመርፌ ነው። እህትህ ክሊኒክ ተኝታለች። ልጇ እንደ ሁለቱ ቢጫ ሆኖ ከመጣ ያለ አንተ ደም ይሞታል። ደምህ ይፈለጋል የተባልከው ይኸው ነው። አልሰጥም ካልክ በሩን ዝጋና እኔም ልመለስ።»

ጠመንጃው አልወረደም። «የበዛብህስ ደም?» አለ። «አጎትሽ የላካቸው ሽማግሌዎችስ መርፌ ይዘው ነው የመጡት?»

ስለ ሽማግሌዎቹ የሰማሁት ያኔ ነው። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ምን እላለሁ? ሃያ ዓመት ያለፈውን ሬሳ የቆፈረችው እናቴ ትሆናለች ልበለው?

«ስለሱ አላውቅም» አልኩት። «እውነቴን ነው የምልህ፣ አላውቅም። የማውቀው እኔ ስወጣ እህትህ ‹ወንድሜን ንገሪልኝ› እንኳን እንዳላለችኝ ነው። አይመጣም ብላ ነው። እኔ ነኝ ይመጣል ያልኩት።»

«መተማመኛው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ። ከፊትህ እሄዳለሁ። ጠመንጃህን አጉርሰህ ከኋላዬ ና። ከእኛ ወገን አንድ ሰው ቢነካህ የመጀመሪያዋ ሟች እኔ ልሁን።»

ብዙ አየኝ። ከዚያ ከዲሮን በኦሮምኛ ጠየቀው፤ እውነቷን ነው ወይ ማለቱ መሰለኝ። ከዲሮ ረዘም አድርጎ መለሰለት። ግዛቸው ካቦርቱን ደረበና ፈረሱን ጫነ።

እንዲያ ሆነን መጣን። ከፊት እኔ፣ ከኋላዬ ጠመንጃ፣ ከዚያ ከዲሮ። መንገዱን ሙሉ ጀርባዬ ይበላኝ ነበር። ግዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «እትዬ አበራሽ፣ ለምን ልጅ እንደሚሞትባት የሚያውቅ ሰው ተገኘ ማለት ነው?» አለኝ። «ተገኘ» አልኩት። «እናታችን ይህን ሳትሰማ ሞተች» አለ።

አሰላ ክሊኒኩ በር ላይ የጠበቁን ምጡን ሰምተው ከሳጉሬ የመጡት ደመቀ፣ አጎቴ ወልደ ሚካኤልና እናቴ ናቸው። ደመቀ ሮጦ መጣ። «ተወልዷል፤ ወንድ ነው፤ ግንባሩ ቢጫ ሆኗል» አለኝ በአንድ ትንፋሽ። አጎቴ ግን የሚያየው ከኋላዬ ያለውን ጠመንጃ ነው። እጁ ወደ ወገቡ፣ ወደ ሽጉጡ ሄደ። ግዛቸው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እኔ በሁለቱ መካከል ፈረስ ላይ ነኝ፣ መውረድም አልቻልኩም።

«የበዛብህን ደም ሳትጠይቁ ወደዚህ ግቢ እንዳይገባ» አለች እናቴ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ሲስተር አሰፋች ነጭ ሽርጧ ላይ ደም ነክቶት ወጣች። ማን ከማን ጋር ደም እንዳለበት አታውቅም፤ ለማወቅም ጊዜ የላትም።

«ደም ሰጪው የትኛው ነው?» አለች።

ግዛቸው «እኔ ነኝ» አለ።

«ቶሎ ይግቡ። ጠመንጃ ይዞ መግባት ግን አይቻልም።»

ግዛቸው ዙሪያውን አየ። ደመቀ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠውም። አጎቴን አየው፤ ለእሱማ አይታሰብም። መጨረሻ ላይ ወደ ከዲሮ ዞረና ጠመንጃውን ሰጠው። ከዲሮ ጥይቱን አውጥቶ በኪሱ ከተተና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አጎቴም እጁን ከወገቡ ላይ አነሳ።

ሲስተር የግዛቸውን ደም መስታወቱ ላይ ስታዘነብል ትንፋሼን ይዤ አየሁ። አሸዋ ይሁን አይሁን? ወንድም ነው ማለት ይገጥማል ማለት አይደለም ብላናለች። ጠብቃ ጠብቃ አዘነበለችው። ለስላሳ ነው። ሌላም ምርመራ አደረገች፤ ያም ገጠመ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት።

ደሙን በጠርሙስ ቀዱ። ሲስተር ጠርሙሱን በፎጣ ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ አጎቴ ወልደ ሚካኤል ከአግዳሚው ተነሳ። ጠርሙሱ ከውስጥ ክፍል እስኪገባ በዓይኑ ተከተለው። ግዛቸው ከመኝታው ተነስቶ ግድግዳ ተደግፎ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አጎቴ ሽጉጡን ከወገቡ ፈታና ለከዲሮ እንዲሰጥለት ለደመቀ ሰጠው።

«ከዚህ ወዲያ ምን ደም እንጠይቀዋለን?» አለ ለእናቴ። «የሆነው ሆኖ ከፍሏል።»

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

ከበሩ ማዶ ሐኪሙና ሲስተር በልጁ እትብት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ጥቂት ያወጣሉ፣ ጥቂት ያስገባሉ። ሐኪሙ በራሱ ቋንቋ የሚቆጥረው ይሰማናል። ድምፁ ሲቋረጥ ሁላችንም ቀና እንላለን፤ እንደ ገና ሲጀምር እናቀረቅራለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ደመቀ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ጭንቅላቱን ይዟል። «ብፈታት ኖሮ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ጨርሶት ቢሆን በጥፊ እለው ነበር።

ሲስተር ላብ በላብ ሆና ወጣች። «አልቋል፤ ልጁ ይተነፍሳል። ነገር ግን ነገ ቢጫው ሊመለስ ይችላል። መጠባበቂያ ያስፈልገኛል። ሁላችሁም ጣታችሁን ስጡኝ።»

የአጎቴ አሸዋ አሸዋ አለ። ከዲሮም ጠመንጃውን በአንድ እጁ እንደያዘ ጣቱን ሰጠ፤ የሱም እንደዚያው። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አትነሳም ብዬ ነበር። ተነሳች፤ ጣቷን ዘረጋች፤ «እኔንስ?» አለች።

የእናቴ ደም ለስላሳ ሆኖ ቀረ።

የሲስተር ፊት በራ። «እማማ፣ እርስዎ ይሆናሉ! ስንት ልጅ ወልደዋል?»

«ሰባት።»

«ስንቱ አሉ?»

«ሁለት።»

የሲስተር ፊት ቀስ ብሎ ተለወጠ። መስታወቱን አስቀመጠች። «የሞቱት መጨረሻ የተወለዱት ናቸው? ቢጫ ሆነው ነበር?»

እናቴ አፏን ከፈተች። «ጣሊያን…» አለች። ከዚያ አቆመች። አምስቱንም በልቧ አንድ በአንድ ስታያቸው ከፊቷ ላይ አነበብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ተናድጄባት ነበር፤ ያኔ ግን ለእሷ የነበረኝ ንዴት የት እንደ ሄደ ጠፋኝ፤ አንጀቴን በላችው።

«ቢጫ ነበሩ» አለች።

«ከእርስዎ አይወሰድም» አለች ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጥፋት ኖሮብዎት አይደለም። የልጆችዎን ደም ሲዋጋ የኖረው ነገር አሁንም በደምዎ ውስጥ አለ፤ ለዚህ ልጅ አይሆንም።»

እናቴ የተወጋ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ወጣች።

ቢጫው አልተመለሰም። በማግስቱ ሐኪሙ ልጁን ወደ መስኮቱ አቅርቦ የዓይኑን ነጭ አየና ፈገግ አለ። ሲስተር «ይኖራል» ብላ ተረጎመችልን። ግዛቸው «ስሙ ካሣዬ ይሁን» አለ። ካሣነቱ ለልጁ ሁለት ሟች ወንድሞች ይሁን ለሌላ ነገር አልተናገረም፤ አጎቴም አልጠየቀም። ደመቀ አልጋው ሥር ተንበርክኮ የየውብዳርን እጅ ይዞ ነበር። የውብዳር ግን የምታየው በሩን ነው።

እናቴ በሩ ላይ ናት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ ፊቷን ወደ ውጭ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። ያን ልጄን የሸፈነችበትን ጋቢ በጀርባዋ በኩል ወደ ውስጥ ዘርግታ ይዛለች።

«አበራሽ፣ ልጁን ይህን አልብሱት። ይበርደዋል» አለች።

ተነስቼ ልቀበላት ስል የውብዳር እጄን ያዘችኝ። ፊቷን አየሁት። ያን ዕለት ደጄ ላይ እንዲሁ ፊቷን አዙራ የቆመችው እሷ ነበረች፤ ምን ብትል፣ ምን ብታደርግ ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«እማማ፣ ዞር ይበሉ» አለች። «ልጅዎን ይዩት።»

«ይቅር ልጄ» አለች እናቴ ከነጠላዋ ውስጥ። «እንዳላጠፋው።»

«በማየት አይተላለፍም። ነርሷ ነግራኛለች።»

እናቴ አልዞረችም። የውብዳር ከአልጋው ወረደች፤ ደመቀ ሊደግፋት ሲል በክንዷ ገፋ አደረገችው። ልጁን ታቅፋ ግድግዳውን እየያዘች በሩን አለፈችና ዞራ እናቴ ፊት ቆመች። ነጠላውን ከፊቷ ላይ በአንድ እጇ ገለጠችው።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። የውብዳርም ልጁን እንደያዘች፣ እስክትከፍተው ቆማ ጠበቀቻት።